የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወንበር በድምጻችን ልክ ይከፋፈል፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት እና ለተመዘገቡ ፓርቲዎች በሙሉ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ሚጀምርበት፣ ከተማው አለቀ ሚባልበት ጋር። የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፣ ይሄን በመጀመሪያ ምናገረው ገና ርዕሱን አይታችሁ የነ እንትና ጽሁፍ ነው ብላችሁ እንዳትተውት ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት 138 ወንበሮች ሲደለደሉ እያንዳንዱ ፓርቲ ከከተማው ሕዝብ ባገኘው ድምጽ ልክ ይውሰድ፣ ማለትም ተመጣጣኝ ውክልና ሚባለው አሰራር ይግባልን። ሕገ መንግስቱን መንካት ሳያስፈልግ ሚሰራ ነገር ነው፣ እሱን ወደታች አስረዳለሁ።

መጀመሪያ ያለፈውን እናስታውስ። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ወሰደ፣ ለኢህአዴግ 1 ቀረው። ሶስት ዓመት አልፎ በ2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ደሞ ኢህአዴግ 137 ወሰደ። ያው ከተማ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው ቁጥር ተገልብጦ። እርግጥ በ2000 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ወይ ተበታትነው ወይ ከምርጫው ወጥተው ነበር፣ ያን አልክድም፣ ግን በ1997ም ቢሆን ኢህአዴግን የመረጠ የአዲስ አበባ ሰው ከ138 አንድ እጅ ብቻ ነበር ብሎ ሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ ዘመዶቻችን ነበሩ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ግን የሉም። በ2002ም በሀገር ደረጃ ከ547 ወንበር 545ቱ የኢህአዴግና የአጋሮቹ ሆኖ 1 ተቃዋሚና 1 የግል ተመራጭ ቀሩ፣ በ2007 እነሱም ጠፉና 547ቱም የአንድ ወገን ሆነ። በ2013 ደሞ ብልጽግና ውጤታቸው ከታወቀው 436 ወንበሮች 410ሩን አገኘ። ስለነዚህ ምርጫዎች ፍትሃዊነት ሰው ብዙ ተከራክሯል፣ እኔ አሁን እዛ ውስጥ አልገባም፣ ምክንያቱም አንድም ኮሮጆ ሳይነካ፣ አንድም ሰው ሳይጉላላ እንኳን ይሄው አይነት ውጤት ሊመጣ ይችላል፣ አቆጣጠሩ ራሱ እንደዛ ነውና።

እኛ ጋ ያለው አሰራር አብላጫ ድምጽ ሚባለው ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንደኛ የወጣው ይገባል፣ ሁለተኛውና ሶስተኛው ምንም የላቸውም፣ አንደኛው በ80 ፐርሰንት ያሸንፍ በ35 ፐርሰንት ለውጥ የለውም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰልፉ አላልቅ ብሎ የምርጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እኛ ብሎክ ያሉ አንዲት እናት ከጠዋት ጀምሮ ነጠላቸውን ተከናንበው ተሰልፈው፣ መሃል ላይ እግራቸው ሲደክም ጀሪካን ገልብጠን አስቀምጠናቸው፣ ወደ ማታ ላይ ነው መርጠው የተመለሱት። የመረጡት ፓርቲ አላሸነፈም። ውጤቱ ሲለጠፍ አይተው "ታዲያ የኔ ድምጽ የት ገባ?" አሉኝ። ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እውነተኛው መልስ የትም አልገባም ነው። ተቆጥሯል፣ ተመዝግቧል፣ ወረቀት ላይ አለ፣ አንድ ወንበር ላይ ግን ምንም አላደረገም። እኚህ እናት ለአንዱ ፓርቲ ድምጽ የሰጡ ሰው ናቸው እንጂ የተሸነፉ ሰው አይደሉም፣ አሰራሩ ግን እንደተሸነፈ ሰው ነው ያስተናገዳቸው።

ነገሩን በቅርብ ያየሁት ደሞ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊመረጥ ድንኳን ተጥሎ ተሰብስበን 7 ሰው ነበር ሚፈለገው። ከተሰበሰበው ሰው ከአስሩ አራቱ ያህል ተከራይ ነው። ባለቤቶቹ አስቀድመው ተነጋግረው 7 ስም ይዘው መጥተዋል፣ ተከራዮቹም የራሳቸው ሰዎች ነበሯቸው። ስም ይጠራል፣ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል። አንደኛው ስም ላይ ባለቤቶቹ በለጡ፣ ሁለተኛውም ላይ በለጡ፣ እስከ ሰባተኛው እንደዛው ቀጠለና ሰባቱም ባለቤት ሆኑ። ማንም አላጭበረበረም፣ ቆጠራውም ልክ ነው፣ እጁንም እኔ ራሴ አብሬ ቆጥሬያለሁ። ብዙም ሳይቆይ ያ ኮሚቴ የመኪና ማቆሚያው ለቤት ባለቤት ብቻ ይሁን ብሎ ወሰነ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ጠረጴዛው ዙሪያ "እኛስ?" ሚል አንድ ሰው ስላልነበረ ነው። በሰዉ ልክ ቢከፋፈል ኖሮ ለተከራዮች 3 ወንበር ይደርሳቸው ነበር፣ ባለቤቶቹም በ4 ሰው አብላጫውን ይይዙ ነበር፣ ምንም ሚነጠቁት ነገር አልነበረም።

ተመጣጣኝ ውክልናም ይሄንኑ ነው ሚያደርገው፣ ሂሳቡ ብቻ ነው ትንሽ ረዘም ሚለው። አንድ አካባቢ 6 ወንበር አለው እንበል፣ 60,000 ሰው መርጧል። ፓርቲ ሀ 26,000፣ ፓርቲ ለ 18,500፣ ፓርቲ ሐ 9,500፣ ፓርቲ መ 6,000 አገኙ። አንደኛ የወጣው ሁሉንም ይውሰድ ካልን ስድስቱም የ"ሀ" ነው፣ ከግማሽ በታች ድምጽ ይዞ። ዲሆንት በሚባለው ስሌት፣ ቤልጂየማዊው ቪክቶር ዲሆንት ነው ያወጣው፣ ቤልጂየምም እ.ኤ.አ. በ1899 ተመጣጣኝ ውክልናን ሕግ አድርጋዋለች፣ የእያንዳንዱን ፓርቲ ድምጽ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያሉ ማካፈልና ከሚወጡት ቁጥሮች ውስጥ ትላልቆቹን ስድስት መምረጥ ነው። እነሱም 26,000 የ"ሀ"፣ 18,500 የ"ለ"፣ 13,000 እንደገና የ"ሀ"፣ 9,500 የ"ሐ"፣ 9,250 የ"ለ"፣ 8,667 የ"ሀ" ናቸው። ስለዚ ሀ 3፣ ለ 2፣ ሐ 1። መ አልደረሰውም። ማካፈያውን ለ1፣ ለ3፣ ለ5 ካደረግነው ደሞ፣ ሴንት ላጉ ሚባለው ነው፣ ሀ 2፣ ለ 2፣ ሐ 1፣ መ 1 ይሆናል። አንድ አይነት ድምጽ ሆኖ ማካፈያው ብቻ ተቀይሮ ነው ይሄ ሁሉ፣ ለዛ ነው ዝርዝሩ ሳይታይ በደፈናው ተመጣጣኝ ይሁን ተብሎ ብቻ ሚያልቅ ነገር ያልሆነው። የመጀመሪያው ለትልልቆቹ ትንሽ ያደላል፣ ሁለተኛው ለትናንሾቹ ይመቻል። በስልክ ካልኩሌተር ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላል፣ እኔ ማታ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ነው የሰራሁት።

አሁን ለምን ዳር ያለነው ሰዎች ይሄ ነገር ከሌላው በላይ እንደሚመለከተን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት፣ በ1997 23 ነበር፣ በ2013ም 23። በመሃል ግን ከተማዋ ሌላ ከተማ ሆናለች። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ያኔ የጤፍና የስንዴ ማሳ የነበሩ ቦታዎች ናቸው፣ ዛሬ በሺ ሚቆጠር ሰው ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከልደታ ተነስቶ ሚኖርባቸው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። በሕገ መንግስቱ በየአስር ዓመቱ መቆጠር ነበረበት፣ የምርጫ ክልልም በዛ ላይ ተመስርቶ ነበር ሚከለለው። ስለዚ አንደኛ የወጣው ይውሰድ በሚለው አሰራር፣ ሰው የሞላበት ዳር ያለ ክልልና ቤቱ ፈርሶ ሰው የወጣበት መሃል ያለ ክልል እኩል ይቆጠራሉ፣ የኛ ድምጽ በነፍስ ወከፍ ሲመነዘር ያንሳል ማለት ነው። ወንበሩ ከከተማው አጠቃላይ ድምጽ ላይ ከተሰላ ግን መስመሩ የትም ይሰመር የት፣ ቱሉ ዲምቱ የተሰጠች አንድ ድምጽ ፒያሳ ከተሰጠች አንድ ድምጽ ጋር አንድ አይነት ክብደት ይኖራታል። ቆጠራው እስኪካሄድ መጠበቅም አያስፈልግም።

ሌላም አለ። በአሁኑ አሰራር 10 ፐርሰንት ሚሆን ደጋፊ ያለው ፓርቲ ደጋፊዎቹ አንድ ሰፈር ተሰብስበው ካሉ ወንበር ያገኛል፣ ከተማው ላይ ተበትነው ካሉ ግን ዜሮ ነው። በሀገርም ደረጃ ያው ነው። ስለዚ አሰራሩ ፓርቲዎችን አንድ ቦታ፣ አንድ ወገን ላይ ብቻ እንዲሰሩ ይገፋቸዋል፣ በየቦታው ትንሽ ትንሽ ሚወደድ ፓርቲ ይቀጣል። ሀገራችን ያለችበትን ሁኔታ ሳስብ ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ሰው በሰፈሩና በዘሩ ሳይሆን በሀሳቡ ተሰብስቦ እንዲወከል ከፈለግን ተበትኖ ያለ ሀሳብ ወንበር ሚያገኝበት መንገድ መኖር አለበት።

ይሄ ሀሳብ ለመንግስትም አዲስ አይደለም። በመስከረም 2009 የያኔው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቱን ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ የአብላጫው አሰራር ከተመጣጣኝ ጋር እንደሚቀየጥ ተናግረው ነበር። ቀጥሎም ኢህአዴግና ተቃዋሚዎች ተደራድረው ቅይጥ ትይዩ ሚባለው አሰራር ላይ፣ 80 በ20፣ ተስማምተው ነበር። ከዛ ለውጡ መጣ፣ ብዙ ነገር ሆነ፣ ስምምነቱ ተረሳና 2013ም በድሮው አሰራር ተካሄደ። እንድታስታውሱት እፈልጋለሁ ግን እንዳለ እንዲመለስ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ትይዩ ሚባለው ቅይጥ ችግሩን አይፈታውም። ለምን?

የከተማውን 138 ወንበር እኩል እንክፈለው፣ 69ኙ በየአካባቢው በሰው ስም ሚመረጥ፣ 69ኙ በፓርቲ ዝርዝር። አንድ ፓርቲ ከከተማው 45 ፐርሰንት ድምጽ አግኝቶ ከአካባቢዎቹ 60ውን አሸነፈ እንበል። በትይዩ አሰራር ሁለቱ ለየብቻ ነው ሚሰሉት፣ ስለዚ 60 ላይ ከዝርዝሩ 45 ፐርሰንት፣ 31 ወንበር፣ ይጨመርለትና 91 ይሆናል፣ ከመቶ 66። በማካካሻው አሰራር ግን፣ ጀርመንና ኒው ዚላንድ እንደሚያደርጉት፣ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ከ138ቱ በጠቅላላ ስንት ይገባዋል ይባላል፣ 45 ፐርሰንቱ 62 ነው፣ 60 በእጁ አለ፣ ስለዚ ከዝርዝሩ ሚጨመርለት 2 ብቻ ነው። 91 እና 62! ስማቸው ሁለቱም ቅይጥ ነው፣ ልዩነታቸው ግን ይሄን ያክላል። እባካችሁ ቅይጥ ይሁን ሲባል የትኛው ቅይጥ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

አፍሪካ ውስጥ ይሄን ሰርታ ያየች ሀገር አለች፣ ሌሶቶ። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፓርቲ 60 ፐርሰንት ድምጽ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ከመራጩ ሩብ ያህሉን ይዞ 1 ወንበር። ሕዝቡ ወጣ፣ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። ከዛ በኋላ ተቀምጠው ተነጋግረው 40 የማካካሻ ወንበር ጨመሩና ምክር ቤቱን 120 አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2002 ያው ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ 22 ፐርሰንት አግኝቶ 21 ወንበር ያዘ። መንግስት የመሰረተው ፓርቲ ያው የድሮው ነው፣ አልተነጠቀም፣ ሌላው ግን ጎዳና ላይ ከመውጣት ምክር ቤት ገብቶ መከራከር ቻለ። ይሄን ታሪክ ደጋግሜ ማስበው በ1997ም እኛ ምን እንደሆንን ስለማስታውስ ነው፣ ያለቀሱ እናቶችን ስለማስታውስ ነው።

ሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ፓርቲው ይበዛል፣ መንግስት አይጸናም ይባላል። ለዛ ዝቅተኛ የመግቢያ ፐርሰንት ሚባል ነገር አለ፣ ከዛ በታች ያገኘ ፓርቲ ከዝርዝሩ ወንበር አይደርሰውም፣ ጀርመን 5 ነው፣ እስራኤል 3.25፣ ደቡብ አፍሪካ ጭራሽ የላትም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ኤኤንሲ 40 ፐርሰንት አግኝቶ ከ400 159 ወንበር ሲያገኝ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ መንግስት መሰረተ፣ ሀገሪቱም አልፈረሰችም። ግን ይሄም መግቢያ ከበዛ መርዝ ነው። ቱርክ 10 ፐርሰንት አድርጋው እ.ኤ.አ. በ2002 መግቢያውን ያለፉት ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ሆኑ፣ 45 ፐርሰንት ያህል ድምጽ ሜዳ ላይ ቀረ፣ 34 ፐርሰንት ያገኘው ፓርቲ ከ550 363 ወሰደ። እኛ ጋ ከ3 ፐርሰንት ባይበልጥ ባይ ነኝ።

የበለጠ ማከብረው ተቃውሞ ግን ሌላኛው ነው። ዝርዝር ከሆነ ሰውየውን አናውቀውም፣ ፓርቲው ቢሮ ቁጭ ብሎ የፈለገውን ያስገባል፣ ውሃ ሁለት ሳምንት ሲጠፋ ማንን ሄደን እንጠይቃለን ሚለው። ልክ ነው። እዚህ ዳር ላይ ያለ ሰው ስሙን ሚያውቀው ተመራጭ ያስፈልገዋል፣ የውሃውን ተራ ሚያውቅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ታክሲ ተራ ላይ ምን እንደሚመስል ያየ። ለዛ ነው ግማሹ የአካባቢ ተመራጭ ይሁን ያልኩት፣ 23ቱን የምርጫ ክልል እያንዳንዱን ለሶስት ብትከፍሉት 69 ይመጣል፣ የግል ዕጩም በዚህ በኩል መግባት ይችላል። ዝርዝሩም ቢሆን ክፍት ይሁን፣ መራጩ ፓርቲውን ሲመርጥ ከዝርዝሩ ውስጥ ሚፈልገውን ሰው ላይ ምልክት ማድረግ ይቻለው፣ ብዙ ድምጽ ያገኘው ወደላይ ይውጣ። ሴቶችና ወንዶች እየተፈራረቁ ይሰለፉ ብሎ ማዘዝም በዝርዝር ነው ቀላል ሚሆነው።

ሕዝቡ ይወሳሰብበታል ሚባለውን ግን አልቀበልም። መራጩ ምንም ማካፈል የለበትም። አሁንም ሁለት ወረቀት ነው ሚሰጠው፣ አንድ ለፌዴራሉ አንድ ለከተማው፣ አንድ ወረቀት ይጨመራል፣ የፓርቲዎቹ ምልክት ያለበት። ማንበብ ማይችሉትም እንደ አሁኑ በምልክቱ ይለያሉ። ሚወሳሰበው የናንተ ስራ ነው፣ እሱ ደሞ ይቻላል።

አሁን ወደ ሕጉ። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምጽ ሚለው ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ነው። እሱን ለመቀየር የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሶስተኛና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሶስተኛ ያስፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ አሁን አልጠይቅም። የአዲስ አበባ ጉዳይ ግን በአንቀጽ 49 ነው፣ ከተማው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። የከተማው ምክር ቤት በምን አሰራር ይመረጥ ሚለው በቻርተሩና በምርጫ አዋጁ ነው ሚገዛው፣ ሁለቱም የተወካዮች ምክር ቤት ያወጣቸው ተራ አዋጆች ናቸው፣ በተራ አዋጅ ይሻሻላሉ። ስለዚ አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ሰው በዓይኑ ቢያየው፣ ሌላው ክልል ጥሩ ሆኖ ካገኘው ለኛም ይግባልን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለዚ ከምርጫ ቦርድ ምለምነው፣ ያለፉት ምርጫዎች የአዲስ አበባ ውጤት፣ እያንዳንዱ ፓርቲ በየምርጫ ጣቢያው ያገኘው ድምጽ፣ ሰው ሊያወርደውና ሊደምረው በሚችል አንድ ፋይል ይውጣ፣ ከጎኑም በተመጣጣኝ ቢሆን ኖሮ 138ቱ ወንበር እንዴት ይከፋፈል እንደነበር ቦርዱ ራሱ አስልቶ ያቅርብ፣ በዲሆንትም በሴንት ላጉም። ከተወካዮች ምክር ቤት ደሞ ምጠይቀው የማሻሻያ ረቂቅ ተዘጋጅቶ በየክፍለ ከተማው ውይይት እንዲደረግበት ነው፣ ውይይቱ መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ ብቻ ሳይሆን እዚህም ዳር ድረስ መጥቶ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ሰው ቤቱ ባለበት ሰዓት። አዳራሽ ባይኖር ድንኳን እኛ እንጥላለን፣ ወንበርም ከዕድራችን እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ